ማን ይቀበላችኋል?

ከዳላስ ሚኒያፖሊስ 940 ማይል ገደማ ነው። በኪሎ ሜትር 1500 ያህል ይሆናል። ከአዲስ አበባ ጎንደር ደርሶ እንደ መመለስ ማለት ነው። ባለፈው ጥቅምት እኔና ባለቤቴ ይህን መንገድ በመኪና ሄድነው። ዘጠኝ ዓመት የኖርንበትን ቴክሳስ ለቀን፣ ጓዛችንን ጠቅልለን ወደ ሰሜን መግባታችን ነበር። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ እዚያ የተሻለ ሥራ አገኘች። የእኔ ሥራ የትም ሆኜ የምሠራው ነው።

ለእናቴ ደውዬ ስነግራት ስለ ደሞዙ አልጠየቀችኝም። ስለ ብርዱም አላነሳችም። «እዚያ ማን አላችሁ? ማን ይቀበላችኋል?» አለችኝ።

ዝም አልኩ። የአዲሱ ቤታችን ቁልፍ በሩ ላይ በተንጠለጠለች ትንሽ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። የሳጥኗ መክፈቻ ቁጥር በቴክስት ይላካል ተብለናል። አከራያችንን በዓይናችን አይተነው አናውቅም። ይህን ለእናቴ እንዴት ብዬ ልንገራት? «ሰው አለ» አልኳት። ዋሸኋት። መንገዱን ሙሉ ያቺ ጥያቄ ከውስጤ አልወጣችም።

እናቴ ይህን ስትጠይቅ የምታውቀውን ነው የጠየቀችው። እሷም በሙሽርነቷ ወደ ሰሜን ሄዳለች። በ1970ዎቹ (ዓ.ም.) አባቴ መምህር ሆኖ ደብረ ታቦር ተመደበ። ያን ጊዜ እንደ ልብ መንቀሳቀስ የለም። ቀበሌ ሄደው የይለፍ ወረቀት አወጡ፤ መሸኛም ወሰዱ። መሸኛ ዛሬም አለ። ነዋሪነትህን ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው ስታዛውር የምትይዘው ደብዳቤ ነው። ማኅተም ያለበት ደረቅ የቢሮ ወረቀት ነው። ግን ስሙን አስተውሉት። አንድ መንግሥት ለአድራሻ ለውጥ «መሸኛ» የሚል ስም የሚያወጣው ሽኝት የሚባል ነገር ባለበት አገር ብቻ ይመስለኛል።

እኛ ከዳላስ ስንወጣ ፖስታ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ የአድራሻ መቀየሪያ ቅጽ ሞላን። አሥር ደቂቃ አልፈጀብንም። ለ12 ወር ደብዳቤያችን ሁሉ እየተከተለን ይመጣል። ጥሩ አሠራር ነው፤ አገራችንም ቢኖር እመኛለሁ።

እናቴን የሸኟት አውቶቡስ ተራ ድረስ መጥተው ነው። ገና ሳይነጋ ነው የመጡት። አክስቷ ዳቦ ቆሎ፣ ጎረቤቷ በሶ ይዘው ነበር። ጀበናዋን እንዳይሰበር በጨርቅ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ አያቴ በመስኮቱ በኩል እጇን አልለቅ ብላ ጥቂት እርምጃ አብራ ሄደች። እናቴ ይህን ስትተርክ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ታቆማለች።

እኛን የሸኙን ሁለት ጓደኞቻችን ናቸው። አንዱ ከሥራ ወጥቶ፣ ሌላው ሥራ ሳይገባ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ መጡ። ዕቃውን ተጎታቹ ላይ ጫንን። አቀፉንና ሄዱ። ቅር አላለኝም። ለሊት ፈረቃ የሚገባ ሰው ያችን ሁለት ሰዓት የሰጠኝ ከእንቅልፉ ቀንሶ ነው። ባለቤቴ ጀበናዋን ዕቃው ውስጥ ለመክተት አልደፈረችም። እሷም ጨርቅ ጠቅልላበት ጭኗ ላይ ይዛው ሄደች። እናቴን አስታወሰችኝ።

መንገዱ 35 ቁጥር ነው። ከሜክሲኮ ድንበር፣ ከላሬዶ ይነሳና ሚኒሶታ ውስጥ ዱሉዝ ድረስ ይዘልቃል። በ1956 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፈረሙት ሕግ ነው ይህን የመንገድ መረብ የወለደው። አሠራሩን ሳውቅ በጣም ነበር ያስገረመኝ። ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ዋና መንገዶች ከደቡብ ወደ ሰሜን ይሄዳሉ። ሙሉ ቁጥር ያላቸው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ። የማይል ቁጥሩ በየስቴቱ ከደቡብ ጫፍ ይጀምራል። ቴክሳስ ውስጥ ከ500 በላይ የደረሰው ቁጥር ሬድ ሪቨርን ተሻግረህ ኦክላሆማ ስትገባ እንደገና ከ1 ይነሳል። አገሩን የማያውቅ እንግዳ እንኳ ቁጥር መቁጠር ከቻለ አይጠፋም።

አምስት ጊዜ የስቴት ድንበር ተሻገርን። ኦክላሆማ፣ ካንሳስ፣ ሚዙሪ፣ አይዋ፣ ሚኒሶታ። አንድም ኬላ የለም። «ከየት ናችሁ? ወዴት ናችሁ?» ያለን ሰው የለም። እዚህ ላይ ግልጽ ልናገር። በዚህ ቀናሁ። እናቴ በሙሽርነቷ የሄደችበትን የጎጃም መንገድ ዛሬ በመኪና ልሂድ ብትል እኔው ነኝ የምከለክላት። ባለፉት ዓመታት በዚያ መንገድ ስንት መንገደኛ ታግቷል፤ ስንት ቤተሰብ የማስለቀቂያ ገንዘብ ፍለጋ ተንከራቷል። ታላቅ ወንድሟ ደጀን አካባቢ ሲያርፍ ለቀብሩ መድረስ አልቻለችም። ቤቷ ተቀምጣ ነው ያለቀሰችው። የገዛ አገርህ መንገድ ሲዘጋብህ ወንድምህን እንኳ መቅበር አትችልም። ውጭ አገር ተቀምጦ «አገር ቤት ሰው አለ፣ ፍቅር አለ» ማለት ቀላል ነው። ሰውማ አለ። ወደ ሰዉ የሚያደርሰው መንገድ ነው የጠፋው።

ከኦክላሆማ ሲቲ አልፈን ወደ ካንሳስ ስንጠጋ የተጎታቹ ጎማ ፈነዳ። የተከራየነው ነበር። ስልክ ደወልኩ። ማሽን አነጋገረኝ፤ ያለንበትን ቦታ በስልኬ ወሰደ፤ ባለሙያው በ70 ደቂቃ ይደርሳል የሚል መልእክት መጣ። ሁለት ሰዓት ፈጀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስንት መቶ መኪና አለፈን! ሁሉም ወደ ወዲያኛው መስመር እየሸሹ በፍጥነት ያልፋሉ። ክፋት አይደለም። መንገድ ዳር ለቆመ የፖሊስ ወይም የአምቡላንስ መኪና መስመር ቀይርለት የሚል ሕግ በሁሉም ስቴት አለ፤ በአንዳንዱ ስቴት ለተበላሸ መኪናም ይሠራል። ብዙ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ስለተገጨ የወጣ ሕግ ነው። ጨዋ ሰው ከአንተ ራቅ ብሎ ያልፋል።

እኛ አገር መኪና ሲበላሽ ሹፌሩ ቅጠል ይቆርጥና አስፋልቱ ላይ ይጥላል። ያቺ ቅጠል ከሩቅ ትታያለች። የሚያልፈው ሁሉ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የጭነት መኪና ሹፌር በመስኮት ብቅ ብሎ «ምን ሆናችሁ?» ይላል። ክሪክ ያውሳል፤ ጎማ ያውሳል፤ ምንም ከሌለው ውኃ ይሰጣል። ባለቤቴ የመንገዱ ዳር ሣር ላይ ተቀምጣ ጀበናዋን አቅፋ «አንድ ሰው እንኳ ምን ሆናችሁ ቢለን ምን ነበረበት» አለች። ጎማው ተቀይሮ ስንነሳም ዝም ብላ ነበር።

ካንሳስ ውስጥ የመንገዱ ገሚስ የክፍያ መንገድ ነው። ድሮ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ነበረበት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2024 ሐምሌ ጀምሮ ካሜራ ሰሌዳህን ያነሳና ሂሳቡን በፖስታ ይልክልሃል። የእኛ ሂሳብ የሚላከው ወደ ዳላሱ ቤት ነው። ያ አድራሻ ከእንግዲህ የእኛ አይደለም።

ፍሊንት ሂልስ የሚባለው የሣር ኮረብታ ላይ ስንደርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። አፈሩ ሥር ያለው ድንጋይ ማረሻ አላስገባ ስላለ ሣሩ ሳይታረስ ተረፈ ይባላል። ዓይን እስኪደክም ሣር ብቻ ነው። ባለቤቴ ከዳላስ ከወጣን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ «ያምራል» ያለችው እዚያ ነው።

ያን ሌሊት ካንሳስ ሲቲ አደርን። የሞቴሉን ክፍል በስልካችን ከፍተን ገባን፤ በስልካችን ዘግተን ወጣን። እናቴና አባቴ ያደሩት ደብረ ማርቆስ ነው። ያን ጊዜ አውቶቡስ ማታ አይሄድም። አልጋ ሁሉ ተይዞ ነበር። የምግብ ቤቱ ባለቤት ሙሽራ መሆኗን ሰምተው የራሳቸውን አልጋ ለቀቁላት። እሳቸው ከልጆቻቸው ጋር መሬት ተኙ። ጠዋት ገንዘብ ሲሰጧቸው «ለደብረ ታቦር ልጄ ሆነሽ ሂጂ» ብለው መርቀው አሳለፏት። እናቴ የሴትዮዋን ስም እስከ ዛሬ በጸሎቷ ትጠራለች።

በማግስቱ ሚዙሪ ሰሜኑ ጫፍ ላይ ነዳጅ ልንቀዳ ቆምን። ባለቤቴ ከመኪናው አልወረደችም። አንድ ሰው በመስኮቷ በኩል አጎንብሶ ጀበናዋን አየ።

«የኔ እመቤት፣ ይኼ ጀበና ወዴት ነው?» አላት በአማርኛ።

ባለቤቴ ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ።

ትልቅ ጭነት መኪና የሚነዳ ወንድማችን ነው። ጭነቱ ከካንሳስ ወደ ሺካጎ ነው። የእነሱ ሥራ ጥብቅ ሕግ አለው። በቀን ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይችሉም። ስምንት ሰዓት ከነዱ 30 ደቂቃ ማረፍ ግዴታ ነው። ይህን ሁሉ መኪናው ላይ የተገጠመ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይመዘግባል። ያን ጊዜ ዕረፍቱ ላይ ነበር። «ሠላሳ ደቂቃ ለእናንተ ናት» አለን። ኋላ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን እንጀራ ከፈተ። ከመኪናዎቹ መሃል ቆመን በላን።

ሰሜኑን ያውቀዋል። የመስታወት ማጠቢያውን ውኃ አየና «ይኼ የቴክሳስ ነው፤ እዚያ በረዶ ሆኖ ይቀርባችኋል» አለ። የማይረጋውን ገዝቶ ራሱ ሞላልን። የጎማችንን አየር ለካ። እንደ ታላቅ ወንድም ነበር የሚቆጣኝ። «ሚስትህን በዚህ ጎማ በረዶ ውስጥ ልታስገባት ነው?» አለኝ።

አይዋ ውስጥ ዴ ሞይን ከተማ ላይ 35 እና 80 ቁጥር ለጥቂት ማይል አንድ መንገድ ይሆናሉ። ከዚያ እሱ ወደ ምሥራቅ፣ እኛ ወደ ሰሜን። «እስከዚያ አብረን ነን፤ ከኋላዬ ሁኑ» አለን። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከዚያ ትልቅ መኪና ኋላ ነዳን። መለያያው ላይ ሲደርስ መብራቱን ደጋግሞ አብለጨለጨ። ባለቤቴ መስኮቱን ከፍታ እጇን አወጣች። ብርድ ነበር። መስኮቱን ለረጅም ጊዜ አልዘጋችውም።

ሚኒያፖሊስ ስንገባ መሽቶ ነበር። ቤታችን ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ ነው። ድልድዩን ስንሻገር ባለቤቴ «ይኼ ነው የወደቀው?» አለችኝ። አዎ፣ እዚያው ቦታ የነበረው ድልድይ ነሐሴ 1 ቀን 2007 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሰው በመኪና ሞልቶበት ሳለ ወደ ወንዙ ወደቀ። 13 ሰው ሞተ። መርማሪዎቹ ብረቶቹን የሚያገናኙት ሰሌዳዎች ከሚገባው በላይ ቀጭን ሆነው መሠራታቸውን አረጋገጡ። አዲሱ በ2008 ተከፈተ። በዚያው ዓመት ነው አባይ በረሃ ላይ አዲሱ የሕዳሴ ድልድይ የተመረቀው። እናቴና አባቴ የተሻገሩት አሮጌውን ነው። እናቴ ወንዙን ላለማየት ዓይኗን ጨፍና ነበር የተሻገረችው። ሚሲሲፒም እንደ አባይ ነው፤ እዚሁ ሚኒሶታ ውስጥ ኢታስካ ከምትባል ሐይቅ ተነስቶ ነው ያን ሁሉ አገር የሚያቋርጠው። ዓይኔን ሳልጨፍን ተሻገርኩ፤ መሪውን ግን ጠበቅ አድርጌ ይዤ ነበር።

ሳጥኗ በሩ ላይ ነበረች። ቁጥሩን መታሁ። ቁልፉ ወጣ። ቤቱ ባዶና ቀዝቃዛ ነው። ድምፃችን ግድግዳው ላይ እየተመታ ይመለሳል። ባለቤቴ ጀበናዋን የምድጃው አጠገብ አስቀመጠችና ኮቷን ሳታወልቅ ቆመች። ሁለታችንም ምን ከየት እንደምንጀምር ጠፋን።

ስልኬ ጮኸ። ሹፌሩ ነው።

«ገባችሁ?»

ሌላ ያለው ነገር የለም። ማሞቂያው ይሠራል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ይሠራል አልኩት፤ ዘጋ።

ወዲያው ለእናቴ ደወልኩ። እዚያ ሌሊት 10 ሰዓት ነው። ለኪዳን ልትነሳ ስትል አገኘኋት። «ማን ተቀበላችሁ?» አለች፤ እንደማትረሳው አውቅ ነበር። ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። ጀበናዋን ካየባት ሰዓት ጀምራ እስከ «ገባችሁ?» ድረስ ሁሉንም ነገረቻት። ስለ ጎማው ነገረቻት፤ ስለ እንጀራው ነገረቻት፤ ስለ መብራቱ ነገረቻት። እናቴ በየመሃሉ «እሰይ፣ እሰይ» ትላለች።

ስትጨርስ «የክርስትና ስሙ ማነው?» አለች እናቴ።

አልጠየቅነውም ነበር። ቴክስት ጻፍኩለት። ማረፊያው ላይ ሲቆም መለሰልኝ።