ናሙናህ ለምን አነሰ?

ዛሬ አማካሪዬ የሕክምና ትምህርት መመረቂያ ጥናቴን ገለጥ አድርገው «ናሙናህ ለምን አነሰ?» አሉኝ። ለምን አነሰ! መጋቢት 2012 ሻንጣችሁን ይዛችሁ ከዩኒቨርሲቲው ውጡ ተባልን። ታካሚውም ኮሮናን ፈርቶ ከተመላላሽ ክፍሉ ጠፋ። መጠይቁን ማን ይሙላልኝ? የጎረቤት በግ?

ትምህርቱ በቴሌግራም ይቀጥላል ተባለ። ቀጠለ! ሰኔ መጨረሻ ላይ ኢንተርኔቱ ራሱ ለሳምንታት ተዘጋ። የልብ ድምፅ የተለማመድኩት በአያቴ ደረት ላይ ነው። ማዳመጫውን ባሳረፍኩ ቁጥር «አገኘኸው?» ትለኛለች። ምኑን ላግኘው፣ እማማ? ያበጠ ጉበትንም የዳሰስኩት በሥዕል ነው። (ወረቀት ወረቀት ይላል።)

ስንመለስ የወራቱ ልምምድ በሳምንታት ታጨቀ። አንድ ታካሚ፣ አሥራ አምስት ተማሪ፣ በዚያ ላይ «ርቀታችሁን ጠብቁ!»

እና ናሙናዬ አነሰ። የጎደለውን ታካሚ ከየት ልውለደው?