«ለሥራ ከሆነ ትቀመጥ»

ወገኖቼ፣ በተለይም ከገጠር ወጥታችሁ በአዲስ አበባ ቤት ንብረት ያፈራችሁ የአገሬ ልጆች፣ ይህን የምጽፈው ላስደስታችሁ አይደለም። ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ ያየሁትን ነገር ይቅር ለማለት ሞክሬ ስላቃተኝ ነው።

መስማት የተሳናቸው ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። በምዝገባው ሳምንት አንድ አርሶ አደር የአሥር ዓመት ሴት ልጃቸውን ይዘው ከጎጃም መጡ። ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም፤ በአካባቢያቸው የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ መምህር ስለሌለ ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም፤ ስሟን እንኳ የምትገልጽበት መንገድ አልነበራትም። አባቷ ቅጹን ሲያስሞሉ እሷ በግቢው ውስጥ በእጃቸው የሚያወሩትን ልጆች አፍጥጣ ታይ ነበር። አንዲት ተማሪያችን ጠጋ ብላ የስሟን የመጀመሪያ ፊደል በጣቶቿ አሳየቻት። ለማያውቅ ልንገር፤ በጣት ፊደላችን እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ የእጅ ቅርጽ ሲኖረው፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች ደግሞ በእጁ እንቅስቃሴ ይለያሉ። ልጅቷ ቅርጹንም እንቅስቃሴውንም ወዲያው ያዘች፤ አባቷንም በጋቢያቸው ጎትታ ደጋግማ አሳየቻቸው። ሰውየው ምን እንደምትላቸው ባይገባቸውም አለቀሱ።

ቦታ ነበረን። ማደሪያ ግን ስለሌለን፣ ከሩቅ የመጣ ልጅ በከተማው የሚያኖረውና በአሳዳጊነት የሚፈርምለት ሰው ያስፈልገዋል። አባትየው ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ፈካ፤ ዘመድ ነበራቸዋ! ታላቅ ወንድሟን ተቀብሎ የሚያስተምር፣ ግቢው የሰፋ፣ የሰርቪስ ክፍሎቹ ባዶ የሆኑ የቅርብ ዘመድ። ነገሩን እንዳስረዳላቸው ስለለመኑኝ አብሬያቸው ሄድኩ።

ቡና ተፈላልን፤ አክብሮትም አልጎደለብንም። የቤቱ ጌታ ግን ልጅቷን አንድ ጊዜ አየት አድርጎ ጠበል እንደሚሻላት ተናገረ፤ የመሄጃ ገንዘብ ሊሰጥም ኪሱን ዳበሰ። እንዳልታመመች፣ የሚያስፈልጋት ቋንቋ መሆኑን፣ ቋንቋ ደግሞ በልጅነት ካልተያዘ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር እየከበደ እንደሚሄድ ስነግረው ወደ ሚስቱ ዞረ። እሷም ጥቂት አስባ፣ ውለታ እንደሚውል ሰው ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ለሥራ ከሆነ ትቀመጥ፤ ዕቃም ልብስም ታጥብልኛለች። ትምህርቱ ግን ምን ያደርግላታል?» አለች። ወንድምየው ይህን ሁሉ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር።

«ሎሌነቱንማ እኔም ዘንድ አታጣውም፣ እትዬ» አሉ አባትየው፤ ልጃቸውን ይዘው ወጡ። ሌሎች ዘመዶችም ተጠየቁ፤ ሁሉም ምክንያት አላቸው። ልጅቷ ወደ አገሯ ተመለሰች።

እነዚያ ሰዎች ችግረኞች ቢሆኑ ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ ነበር። እኔን የሚያቃጥለኝ ለወንድሟ ደብተር የገዛ ቤት ለእሷ የመታጠቢያ ሳፋ ማዘጋጀቱ ነው። የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ልዩነታቸው ጆሮ ብቻ ነው። እናንተም ይህን ስታነቡ እንዲህ ያለ ዘመድ የለኝም ትሉ ይሆናል። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚደበቀው ልጅ ታዲያ የማን ነው?

የሕጉን ነገር አታንሱብኝ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዝዛል፤ በ2002 ዓ.ም. አገራችን ያጸደቀችው ዓለም አቀፍ ስምምነትም የምልክት ቋንቋ ትምህርትን መብት አድርጎታል። መንግሥት በየወረዳው ያልሠራው ብዙ ነው፣ ይጠየቅበትም። በዚያ ቀን ግን ወንበሩ ነበረ፤ የጠፋው ፊርማና አንድ ፍራሽ ነው። ዓይነ ስውሯ የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለም አቀፉን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ስታገኝ «የእኛ ልጅ» ብለን ኮርተናል። ከወሎ ገጠር አውጥተው ሻሸመኔ ወዳለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ያስገቧት ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ግን በማን እንኮራ ነበር?

አንተስ ለምን አላስጠጋሃትም ብትሉኝ መብታችሁ ነው። እኔ የምኖረው ከሁለት እህቶቼ ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። እውነት ነው፤ ለልጅቷ ግን ከእናንተ ምክንያት ምን ይለየዋል?

ዘንድሮም ምዝገባ ይመጣል፤ ወላጆችም ከየአገሩ ይመጣሉ። የአካባቢ ተወላጆች ማኅበራት አሏችሁ፤ ለሠርግና ለለቅሶ የምትሰባሰቡበት እድር አላችሁ። ከመካከላችሁ ለአንድ ልጅ ማደሪያ የሚሰጥና በአሳዳጊነት የሚፈርም አንድ ቤት ብትመርጡ፣ የቀራችሁት ደግሞ ወጪውን ብትካፈሉ ማንንም አይጎዳም። ከዚህ በፊት በስብሰባ ላይ ተናግሬው ጭብጨባ እንጂ ቤት አላገኘሁም፤ አሁንም ብዙ አልጠብቅም። ቢሆንም የአባትየውን ስልክ ይዣለሁ፤ ልጅቷ አሥራ አንድ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ፈቃደኛ ሰው ከተገኘ ዛሬውኑ እደውልላቸዋለሁ።