እግር ያልተጠራበት ጉባኤ

የመሮጥ ሐሳብ ያደረበት ሰው ሐሳቡን ለወዳጆቹ በነገረበት ቅጽበት የጫማ ጉባኤ ይሰየማል። በዚህ ጉባኤ ላይ አላዋቂ የለም፤ እንዲያውም ረጅሙን ንግግር የሚያደርገው አውቶቡስ ሊያመልጠው ሲል እንኳ የማይሮጠው ሰው ነው። አንዱ ስለ ጫማው አርማ፣ ሌላው ስለ ቀለሙ፣ ሦስተኛው ደግሞ የአጎቱ ልጅ ገዝቶ ስላመሰገነው ጫማ እየማለ ሲናገር ቆይቶ ስብሰባው በአንድ ድምፅ ወስኖ ይበተናል። ውሃ የሚቋጥረውና ጥፍሩ የሚጠቁረው እግር ግን ዋና ባለጉዳይ ሆኖ ሳለ ሐሳቡን እንዲሰጥ የጋበዘው የለም።

ከጉባኤተኞቹ መካከል ድምፁ የሚያይለው የውድድር ጫማ ወገን ነው። ይህ ወገን በቴሌቪዥን ያየውን ጫማ ካልተጫማ የሮጠ አይመስለውም። ትዕግሥት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገብታ የሴቶችን የማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር የተጫማችው የአዲዳስ ጫማ አንዱ እግር ክብደት 138 ግራም ነበር፤ ሠሪዎቹም ጫማው ለአንድ ማራቶንና ለጥቂት መላመጃ ሩጫ ብቻ እንደታሰበ ራሳቸው ተናግረዋል። የእኛ ሰው ግን ይህንን ወይም መሰሉን የሚፈልገው ለዘወትር ልምምድ፣ ያውም ከጓደኛው ጋር እያወራ ለሚያደርገው ዘና ያለ ሩጫ ነው። የስፖርቱ የበላይ አካል የሆነው የዓለም አትሌቲክስ የጎዳና ውድድር ጫማ ሶል ውፍረት ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ መደንገጉን በቃሉ ከማወቁ የተነሣ፣ የገዛውን ጫማ በማስመሪያ ለክቶ «ሕጋዊ ነው» ብሎ እፎይ ይላል። የትኛው ዳኛ የት ቆሞ እንደሚጠብቀው አይናገርም።

በተቃራኒው ወገን የተሰለፈው ደግሞ ጫማ የሚባል ነገር ከናካቴው የነጋዴ ተንኮል እንደሆነ ያምናል። ማስረጃው አንድ ነው፤ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አልነበር እንዴ ያሸነፈው?» ይላል። እውነት ነው፣ አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸንፏል። ሆኖም ተከራካሪያችን ታሪኩን ከሁለቱም ጫፍ ቆርጦ ነው የሚያቀርበው። በሰፊው እንደሚነገረው አበበ በባዶ እግሩ የሮጠው የቀረቡለት ጫማዎች ስላልተመቹት ነበር። ከ4 ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ፣ ያውም የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሳምንታት ብቻ ተቆጥረው፣ ጫማና ካልሲ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ከጉባኤተኞቹ ሁሉ በፊት እግሩን የጠየቀ ሰው ቢኖር እሱ ነው፤ ያልተመቸውን ተወ፣ የተመቸውን አጠለቀ።

የሊቃውንቱ ወገንም አለ። ይህኛው እግርን ውሃ ነክሮ በወለል ላይ በማሳረፍ የውስጥ እግርን ቅስት ያነብባል፣ «የአንተ ተረከዝ ወደ ውስጥ ይዘነብላል» ብሎ ይተነብያል፣ ከዚያም ደጋፊ ሶል ያዝዛል። በአሜሪካ የጦር ኃይል ምልምሎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በእግር ቅስት ቅርጽ ተመርጦ የተሰጠ የሩጫ ጫማ ጉዳትን ይህ ነው በሚባል ደረጃ እንዳልቀነሰ ማሳየታቸውን ብትነግሩት ግን ቅር ይለዋል፤ ወለሉን አርጥቦ የደከመበት ሥራ ነውና።

ከሁሉ የሚያስገርመው ትርኢት ግን የሚታየው በልኬቱ ጊዜ ነው። ገዢው ይቀመጣል፤ አንዱን እግር ብቻ ያጠልቃል፤ ሳይነሣ እግሩን ወደ መስተዋቱ ዘርግቶ ከግራ ከቀኝ ያየዋል። አንዱ እግር ከሌላው ሊበልጥ እንደሚችል፣ እግር በቆመ ጊዜ እንደሚረዝም፣ ወደ ማታ ደግሞ እንደሚያብጥ፣ ስለዚህም ልኬት የሚሻለው ከሰዓት በኋላ፣ የሚሮጥበትን ካልሲ አድርጎ፣ በሁለቱም እግር ቆሞ እንደሆነ የሚያስታውሰው የለም። ከረጅሙ ጣት ፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ መኖር አለበት፤ ሻጩም ጫፉን በአውራ ጣቱ ጫን ሲያደርግ ጥፍር ካገኘ ሳይደነግጥ «እያደረ ይለቃል» ይላል። ይህ አባባል ለቆዳ ጫማ እውነትነት ነበረው፤ ዛሬ የሩጫ ጫማ የሚሠራበት ጨርቅ ግን ብዙም አይለቅም፣ የሚለቀው ጥፍሩ ነው። ተረከዙ ከፍ ዝቅ የሚልበትን ጫማ ደግሞ በላይኛው ትርፍ ቀዳዳ ክሩን አስገብቶ በማጥበቅ መሞከር ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ያ ቀዳዳ ለምን እንደተበሳ ጠይቆ የሚያውቅ ገዢ ጥቂት ነው። «እስቲ ሮጥ ሮጥ ይበሉበት» ሲባልም ይህ ማራቶን ሊሮጥ ያሰበ ጀግና ሰው እንዳያየው ተሳቅቆ ሦስት እርምጃ ተራምዶ «ተመችቶኛል» ይላል።

ስለ ክብደት ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ከ250 እስከ 300 ግራም የሚመዝን የልምምድ ጫማ ማንንም ወደ ኋላ አላስቀረም። የጫማው ሶል በተረከዝና በጣት በኩል ያለው የከፍታ ልዩነት ግን ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በ10 ወይም በ12 ሚሊ ሜትር የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ዜሮ ቢወርድ ባትና የተረከዝ ጅማቱ በማግስቱ ደረጃ ሲወርድ ስሞታ ያሰማሉ።

ጉባኤው ለመጨረሻ ጊዜ የሚሰበሰበው ጫማው ሲያረጅ ነው። የልምምድ ጫማ በአብዛኛው ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ድረስ ያገለግላል ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ላዩ አዲስ ቢመስልም የመሃል ሶሉ ተጨፍልቆ ማንጠሩን ይተዋል። ጉልበቱን የሚያመው ሯጭ ሐኪም ይቀይራል፣ ቅባት ይቀይራል፣ መንገድ ይቀይራል፤ ጫማውን ግን «ገና ምን ሆነና!» እያለ አጥቦ ያሰጣዋል። በዚህ ጊዜ ከጉባኤተኞቹ አንዱ «የኔ እኮ ይኸው አምስት ዓመቱ፣ ንቅንቅ አላለም» ብሎ እግሩን አንሥቶ ያሳያል፤ ከሶሉ ሥር የቁጥሩ ወረቀት እንደተለጠፈ ነው።