መለያው ተነበበ ማለት ዕቃው ተፈተሸ ማለት አይደለም
ስለ አውሮፕላን ጥገና በወጣው ጽሑፍ ውስጥ «በሬዲዮ ሞገድ የሚነበበው መለያ የመካኒኩን ፍተሻ ይተካል» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። መለያው በዕቃው ላይ የሚለጠፍ፣ የዕቃውን መረጃ የያዘ ትንሽ ቺፕ ያለው ነው። በአውሮፕላን ጥገና ውስጥ ስለሠራሁ ጥቅሙን በዓይኔ አይቻለሁ። በየመቀመጫው ሥር ያሉትን የሕይወት አድን ጃኬቶች ጎንበስ ቀና እያልን፣ የማብቂያ ቀናቸውን በባትሪ ብርሃን ስናነብ ሰዓታት ይፈጅብን ነበር። መለያ ከተለጠፈባቸው ወዲህ ማንበቢያውን ይዞ በመተላለፊያው መሄድ በቂ ነው፤ የጎደለውም ጊዜው ያለፈበትም በደቂቃዎች ውስጥ ይለያል። ነገር ግን መሣሪያው የሚያረጋግጠው የመለያውን መኖርና በውስጡ የተመዘገበውን መረጃ ብቻ ነው። የጃኬቱ ማሸጊያ ተቀድዶ ቢሆን በምን ያውቃል? ያንን የሚያየው የሰው ዓይን፣ የሚዳስሰውም የሰው እጅ ነው። በዚሁ ጽሑፍ ሥር «ታዲያ ለምን በሞተሩ ክፍሎች ሁሉ ላይ አይለጠፍም?» ብለው ለጠየቁት አስተያየት ሰጪ፦ ባትሪ የሌላቸውና ከ860 እስከ 960 ሜጋኸርዝ ባለው ሞገድ የሚሠሩት የተለመዱት መለያዎች በቀጥታ ብረት ላይ ሲለጠፉ በአብዛኛው አይነበቡም። ከብረቱ የሚያርቃቸው ንጣፍ ያላቸው፣ ለዚሁ ተብለው የተሠሩ መለያዎች ያስፈልጋሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ወፈር ስለሚሉ በሁሉም ቦታ ላይ አይገቡም። የሞተሩን የማቃጠያ ክፍል ሙቀት ደግሞ የትኛውም ቺፕ አይችለውም።