ሣሩን ማን ይጠብቀዋል?

ልጄ አገር አላት። ሚኒሶታ ተወልዳ ያደገች የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ አገሯ ግን አሜሪካም ኢትዮጵያም አይደለም። ራሷ የፈጠረችው ነው። ካርታውን በአራት ወረቀት ሥላ፣ ወረቀቶቹን በፕላስተር አያይዛ መኝታ ቤቷ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች። ተራራው ቡናማ፣ ወንዙ ሰማያዊ ነው። የአገሩን ስም እንድነግራችሁ አልፈቀደችልኝም። "ገና ሕጉ አላለቀም" ትላለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፈራችን ባለው ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ስድስት ልጆች ይሰበሰባሉ። ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ እየጣሉ የየራሳቸውን መንግሥት ያዋጋሉ፣ ያስታርቃሉ፣ በጋብቻ ያዛምዳሉ። መጀመሪያ ሰሞን ቁማር መስሎኝ ክው ብዬ ነበር። አንድ ቀን ገብቼ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ። ንጉሡ ግብር የሚሰበስበው በምንድነው? ድልድዩ ሲፈርስ ማን ይጠግነዋል? መልእክተኛው ክረምት ላይ በየት ያልፋል? መነጽር ያደረገ አንድ ልጅ የጓደኛውን ካርታ አየና "ይሄ ሁሉ ሕዝብ በዚህ መሬት እህል አይጠግብም" ብሎ አፋጠጠው። በሌለ አገር! እኔ ባደግኩበት ቀበሌ፣ ባለው አገር ላይ እንኳ እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ትዝ አይለኝም።

ነገሩ የጀመረው በጨው ነው። ልጄ ለአገሯ የጨው ገንዘብ ደነገገች። ልጆቹ ሳቁባት። "ዝናብ ሲዘንብ ሀብታሙ ሁሉ ደሃ ሊሆን ነው?" አሏት። አኩርፋ ቤት መጣች። እኔ ደግሞ በሕይወቴ አንዴ የምጠቅምበት ቀን ደረሰ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። "አሞሌ!" አልኳት። "የኛ ሰው በጨው ይገበያይ ነበር።"

ዓይኗ በራ። ከዚያ ጥያቄው ወረደብኝ። ጨው ከየት ይመጣል? ማን ይቆርጠዋል? በግ በስንት አሞሌ ይሸጣል? እርጥበት እንዳይበላው ምን ያደርጋሉ? እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረው አንኮበር ከቤታችን አርባ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ዝም አልኩ። ዝምታው ሲረዝምብኝ "ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ታላቅ ንጉሥ ነበሩ" አልኳት። "እሱን አልጠየቅኩህም" አለችኝ።

ልክ ናት። የተማርኩት ታሪክ ሁሉ "ታላቅ ነበሩ" የሚል ነው። ምሳቸውን ማን እንደሠራ አልተማርኩም።

አንድ ዓመት ለጥምቀት ይዣት ሄድኩ። ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪና ውስጥ ስለ ከተማው ስም ነገርኳት። አጼ ዘርዓ ያዕቆብ በነገሡበት ዘመን ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ደብረ ብርሃን ተባለ። ስልኳን አውጥታ ጎርጎር አደረገችና "በፈረንጅ 1456 የሃሌይ ኮሜት የሚሉት ጅራታም ኮከብ አልፏል፤ እሱ ሊሆን ይችላል ይላሉ" አለች። ሹፌሩ በመስታወት አያት። ብርሃኑን እንዳጠፋችበት ሁሉ ቅር አለው።

ወዲያው ደግሞ "አባዬ፣ ፈረንጆች አገራችሁን ፈጥረዋት ነበር፤ ታውቃለህ?" አለችኝ። "አገራችሁ" ያለችው ነገር ቆነጠጠኝ፤ ግን አለፍኩት።

የምታወራው ፕሬስተር ጆን ስለሚሉት ቄስም ንጉሥም ስለሆነው ዮሐንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1165 ገደማ አንድ ደብዳቤ አውሮፓን ዞረ። ጻፈው የተባለው ንጉሥ በዓለም ላይ ኖሮ አያውቅም፤ ደብዳቤው ግን እንደ ልጄ ካርታ የተሟላ ነበር። 72 ነገሥታት ይገብሩለታል። ከገነት የሚወርድ ወንዝ ዕንቁ እያንከባለለ ያልፋል። የጠጣ የማያረጅበት ምንጭ አለ። ድሃ የለም፣ ሌባ የለም፣ የሚዋሽ የለም። ንጉሡ ግዛቱን በሙሉ የሚያይበት ትልቅ መስታወት ማማ ላይ ተሰቅሏል። አውሮፓውያን ይህን አገር መጀመሪያ እስያ ፈለጉት። ሲያጡት ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ወደኛ አዞሩት።

እ.ኤ.አ. በ1520 የፖርቹጋል መልእክተኞች መጡ። ያገኙት ዕንቁ የሚያንከባልል ወንዝ አይደለም። ያገኙት አጼ ልብነ ድንግልን ነው፤ ከሠፈር ሠፈር የሚዘዋወር የድንኳን ከተማ ይዘው። ከመልእክተኞቹ ጋር የነበረው ቄስ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ቆይቶ ያየውን ጻፈ። መጽሐፉ በ1540 ሊዝበን ሲታተም ርዕሱ ላይ አሁንም የፕሬስተር ጆን አገር ይላል። ሰውየው በዓይኑ አይቶ፣ በእግሩ ረግጦ ተመልሷል፤ ካርታው ግን አልተቀየረም።

እዚያ ድንኳን ከተማ ውስጥ ሌላ ሰው አገኙ። ፔሮ ዳ ኮቪልያ የሚባል የአገራቸው ልጅ። ቀድሞ በፖርቹጋል ንጉሥ ተልኮ መጥቶ ከሃያ ዓመት በላይ ኖሯል። ርስት ሰጥተውታል፣ አግብቷል፣ ወልዷል፣ ተከብሯል። አገሬ ልግባ ሲል ግን እምቢ ተባለ። እኔ ይሄን ሰውዬ ዘመዴ ነው የምለው። እኔን ማንም አልከለከለኝም፤ የከለከለኝ የቤት ብድር ነው።

አንኮበር ደረስን። ኮረብታውን ስንወጣ ትንፋሽ አጠረኝ፤ ልጄ እየዘለለች ቀደመችኝ። ከቤተ መንግሥቱ የቀረው የድንጋይ ግንብ ቁራጭ ነው። የሚነበብ ጽሑፍ ፈለግኩ፤ አላገኘሁም። የሠፈሩ ልጆች ግን ነበሩ፤ አንዱ በጣቱ ቁልቁል እያሳየ "ያ አልዩ አምባ ነው" አለን። ገደሉ ሥር፣ ጭጋጉ ሲገለጥ ይታያል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ ዋና ገበያ እሱ ነበር፤ ዓርብ ዓርብ ይቆማል። ጨው ከአሳል ሐይቅ በግመል ተጭኖ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ እዚያ ይራገፋል። ግመል ዳገቱን ስለማይችለው ከዚያ ወዲያ በአህያና በበቅሎ ነው። ከአሞሌው ጎን ማርትሬዛ የሚባለው የብር ገንዘብም መገበያያ ነበር።

ልጄ ማስታወሻዋን አውጥታ "ግመል ዳገት አይወጣም" ብላ ጻፈች። "ይሄ ጥሩ ነው። ገንዘባችን በረሃ ይፈጠራል፣ ደጋ ይነግሣል" አለች።

ለአዋቂ የማይመች ነገርም ነበር። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. ሲገዙ፣ አልጋ ሊሻሙ የሚችሉ ወንድሞቻቸው ጎንቾ በሚባል እስር ቤት ይቀመጡ ነበር። በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ ስጦታ ጭኖ መጥቶ የንግድ ውል ተፈራረመ፤ ስለ እስረኞቹ መሳፍንትም ጽፏል። ከአልዩ አምባ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ አብዱል ረሱል የሚባል ሠፈር አለ። እዚያ ገበያ ላይ የሚሸጠው ሰው ነበር። ልጄ ስለ ጎንቾ ስነግራት ፈገግ አለች፤ ጨዋታቸው ውስጥ እንዲህ ያለ እስር ቤት ሞልቷል። አብዱል ረሱል ላይ ስንደርስ ግን እስክሪብቶው ቆመ። "ይሄን ካርታዬ ላይ አላደርገውም" አለች። ትንሽ ቆይታ "ግን ካላደረግኩት ውሸት ነው፤ አይደል?" ብላ ጠየቀችኝ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። እኛ ሚኒሶታ የማኅበር ጽዋ ስንጠጣ ስለ ሸዋ ገበያ ስናወራ አብዱል ረሱል ተነሥቶ አያውቅም።

እውነት ለመናገር የኛ ካርታ ላይ የሌለው እሱ ብቻ አይደለም። በየወሩ እዚያ በረዶ መሃል ተሰብስበን የምንሥለው አንድ መንዝ አለ። ሁሉም ይጠያየቃል፣ ማንም ብቻውን አይበላም፣ ጠላው አያልቅም፣ የበጉ ላት መሬት ይጎትታል። ከአንኮበር በማግሥቱ መንዝ አጎቴ ቤት አደርን። ባና ለብሰን ተኛን። ሌሊቱን ልጄ ስትፎክት አደረች። ቁንጫን ረስቼዋለሁ! ገብሱን የሚመታውን ውርጭም ረስቼዋለሁ። ጠዋት አጎቴ የልጄን ክንድ አይተው "ውይ የኔ እመቤት! በአገርሽ ይሄ የለም?" አሏት። "በኔ አገር የለም" አለች። እሳቸው አሜሪካን ነው ያሉት፤ እሷ ካርታዋን ነው።

ከሰዓት መሐል ሜዳ ከተማ ሻይ ቤት ወጣቶች ከበቡኝ። ሌላ ካርታ ተዘረጋ። አሜሪካ መንግሥት ለወለደ ሁሉ ደሞዝ ይቆርጣል አይደል? የሠራ ሰው በዓመቱ ቤት ይገዛል አይደል? ፖሊስ ጉቦ አይበላም፣ መብራት አይጠፋም፣ ውሻ እንኳ የጤና መድን አለው አይደል? የውሻው እውነት ነው፤ የሌላው ስንቱን ላርም? በቀን ሁለት ሺፍት እንደምሠራ፣ ከቤቴ በር በረዶ ዝቄ ካልወጣሁ ሥራ እንደማልደርስ ነገርኳቸው። አንደኛው ስልኩን አውጥቶ እኔ የላክሁትን ፎቶ አሳየኝ። የእንግዶች መኪና የማቆምበት ሆቴል በር ላይ የተነሣሁት ነው። "ታዲያ ይሄስ?" አለኝ። ቤቴ መስሏቸው ኖሯል። ያን ጊዜ "ቤትህ ያምራል" ብለው ሲጽፉልኝ "አሜን" ብዬ መልሻለሁ። ምን ይባላል?

የጉዞው ፍሬ ግን ጓሳ ነው። ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሆን የመንዝ ደጋ፣ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ላይ። ሣሩ ጉልበት ይደርሳል፤ ንፋሱ ሲመጣ ሜዳው በሙሉ ይተኛና ይነሣል። ፊት ለፊታችን የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ቁጭ ብሎ ሣር ይነጫል። መሃላቸው ቀይ ቀበሮ ይመላለሳል። አንገቱን ዝቅ፣ ጆሮውን ቀጥ፣ ከዚያ ዱብ! አይጥ ያዘ። ጭላዳዎቹ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም፤ ግልገሎቹ አጠገቡ ይጫወታሉ። ልጄ ትንፋሿን ዋጠች። "ይሄን ብጽፈው ያ ባለ መነጽር አያምነኝም" አለች።

አጎቴ በበትራቸው እየጠቆሙ አስረዷት። ሣሩም ስሙ ጓሳ ነው፤ ሣር ብቻ ግን አይደለም። ቤት የሚከደነው በሱ ነው፤ ገመዱ ከሱ ነው፤ እረኛ ዝናብ የሚመክትበት ገሳ ከሱ ነው። ስለዚህ ማንም እንደፈለገ አያጭደውም። ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነበር፤ በዜና የሰማችሁት ቄሮ አይደለም፤ ይሄኛው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የነበረ የመንዝ ደንብ ነው። አባቶቹ አስቦና ጌራ ይባላሉ፤ የነሱ ዘር ነኝ የሚል አጽመ ርስት አለው። በየወገኑ አለቃ ይመረጣል። ሣሩ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴ አምስት ዓመት ይዘጋል። ሲደርስ ቀኑ ተቆርጦ በገበያና በቤተ ክርስቲያን ይነገራል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ርስቱም ቄሮውም አብሮ ቀረ። በኋላ ግን የአካባቢው ሰው ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን መልሶታል።

"እርስዎ ካርታ ሠርተውለት ነበር?" አለቻቸው።

"ምን ያደርጋል ካርታ? ሣሩ ያለበትን ሁሉም ያውቀዋል። ቁም ነገሩ ማን እንደሚጠብቀው ነው።"

ሚኒሶታ ስንመለስ ግድግዳው ላይ አምስተኛ ወረቀት ተጨመረ፤ አረንጓዴ ሜዳ። ቅዳሜ ለልጆቹ አቀረበችው። ስለ ቀበሮው ሲሰሙ እንደ ፈራችው ሳቁ፤ ቪዲዮውን አሳየቻቸው፣ ጸጥ አሉ። ባለ መነጽሩ ግን ሕጉን ይዞ ጠየቃት፤ የሚጠብቁት ሰዎች ስንት ናቸው? ስንት ቀን ነው የሚቆዩት?

ማታ በቴሌግራም ለአጎቴ ድምፅ ላከችላቸው። የአክስቴ ልጅ ስልኩን ይዞላቸው ኖሮ በማግሥቱ የአሥራ አንድ ደቂቃ መልስ መጣ። አራቱ ደቂቃ ሰላምታ ነው፤ ከኋላ ዶሮ ይጮኻል። ከዚያ "ንጉሥሽ ደህና ናቸው?" ብለው ጀመሩ። የጥበቃውን ተራ፣ ማን ከማን እንደሚቀያየር ዘረዘሩላት። መጨረሻ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ለመሆኑ የኔ እመቤት፣ ሣሩን ለሚጠብቁት ምሳ የምታቀብለው ማን ናት? እሱን አልነገርሽኝም" አሏት።

እርሳሷን ይዛ ካርታው ፊት ቆማ ቆየች። እስካሁን አልጻፈችውም።