ያተረፈባቸው ነጋዴ አልነበረም

ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ ከርሟል። ዓመታት አልፈውታል፤ ይቅር ልለው አልቻልኩም። ስለ ነጋዴ ስግብግብነት ስናወራ አፋችን አይደክምም፤ መንግሥትን ስንወቅስም እንደዚያው። ስለዚህኛው ግን ማንም ሲያነሳ አልሰማሁም፤ ያደረግነው እኛ ነንና።

መጋቢት 2014 ነበር። ዩክሬን ውስጥ ጦርነት ከተነሳ ገና ሳምንታት ቢሆኑት ነው። የሱፍ ዘይት ከገበያ ጠፍቶ፣ አዲስ አበባ ላይ ባለ 5 ሊትሩ ሺህ ብር ገደማ ገብቷል። በሸማቾች ማኅበር በኩል የሚመጣው የፓልም ዘይት ደግሞ በመንግሥት ተመን ይሸጥ ስለነበር ከገበያው በብዙ ይረክስ ነበር። «ዘይት መጥቷል» የሚል ወሬ ከተሰማ ሰፈሩ ጎህ ሳይቀድ የማኅበሩ ሱቅ በር ላይ ነበር።

በዚያ ወረፋ አንዲት እናት ነበሩ። የሰፈሩ ሰው ያውቃቸዋል፤ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ ጠብሰው ይሸጣሉ። ዘይት ለእሳቸው የወጥ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ሥራቸው ነው። ተራቸው ደርሶ መስኮቱ ጋ ሲቆሙ፣ መታወቂያቸው ከመጡበት ክፍለ ሀገር የወጣ ሆኖ ተገኘ። እዚህ ተከራይ ናቸው፤ አከራያቸው በቤት ቁጥሩ አላስመዘገባቸውም። መስኮቱ ላይ የሚሸጠው ልጅ ስማቸውን መዝገብ ላይ ፈልጎ አጣው። «እናቴ፣ የወረዳችን መታወቂያ ከሌለ አይሆንም፤ እኔ ነኝ የምጠየቀው» አላቸው። በልጁ አልፈርድም፤ ደንቡ የተጻፈለት እንደዚያ ነው። እሳቸውም አልተቆጡም። ባዶ ሃይላንድ ከፌስታል አውጥተው «ግማሽ ሊትር እንኳ ብትሆን፣ ልጄ» ሲሉ ሰማኋቸው። ጀሪካን አይከፈትም ተባሉ፤ ከወረፋው ወጡ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ። ከእሳቸው ጥቂት ሰዎች ቀደም ብሎ የተሰለፈ ጎልማሳ ነበር። የሰፈራችን ሰው፣ ልጆች አሳዳጊ፣ ዕድርተኛ ነው። ባለ 5 ሊትሩን በተመኑ ገዝቶ ወጥቶ ከሱቁ ደረጃ ላይ አስቀምጦት ነበር። እናትየዋን ጠርቶ ወደ ተመኑ እጥፍ የተጠጋ ዋጋ ነገራቸው። እሳቸው የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ብራቸውን ቆጠሩ፤ አልሞላም። እንግዲያው በሃይላንድ ልለካሎት አለ፤ በሃይላንድ ሲሆን ደግሞ የባሰ ያስወጣል። ቀድቶ ሲሰጣቸው ጠርሙሱ እስከ አንገቱ አልደረሰም። «ትንሽ ሙላልኝ» ሲሉት ሳቀ። ወረፋው ውስጥ ያለ አንድ ሰውም አብሮ ሳቀና «ሥራ ነው እኮ፣ ማዘር!» አለ። ሌላው «ጎበዝ!» አለው። የቀረነው ዝም አልን። እኔም ዝም ካሉት አንዱ ነበርኩ።

«ጎበዝ» ነው የተባለው። የአንዲት ድሃ ዳቦ ላይ እጁን የጫነ ሰው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በጎረቤቶቹ ፊት ተመሰገነ።

ደንቡ ጥፋት የለበትም እያልኩ አይደለም። ተመኑና ገበያው በዚህን ያህል ሲራራቁ፣ በመካከሉ ያለው ብር የሆነ ሰው ኪስ መግባቱ አይቀርም። መታወቂያ ያለው ይገዛል፣ የሌለው ከገዛው ይገዛል። ድጎማው ለድሃ ታስቦ ወጥቶ፣ ከድሆች ሁሉ ድሃ የሆነውን፣ ቤትም የወረዳ መታወቂያም የሌለውን ተከራይ ዘሎ ያልፋል። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ሰዎች ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልጋቸውም፤ አንድ ጠዋት ወረፋው አጠገብ ቢቆሙ ይበቃቸዋል።

ከላይም ያው ነው። ለዓመታት ሰሊጥ ላኪው ሰሊጡን ውጭ አገር በኪሳራ ሲሸጥ የኖረው ዶላር ስለሚያገኝበት ነው፤ በዶላሩ ሌላ ዕቃ አስመጥቶ የጎደለውን ከእኛ ይሞላ ነበር። የሑመራና የመተማ ሰሊጥ ተጭኖ ይሄዳል፣ እኛ ደግሞ የኢንዶኔዥያንና የማሌዥያን ፓልም በወረፋ እንጠብቃለን። በዚያው በ2014 ሚያዝያ ኢንዶኔዥያ ፓልም ወደ ውጭ እንዳይወጣ ለሳምንታት ስትከለክል፣ የእኛን ድስት የያዘው ማን እንደሆነ አየነው። ላኪውን ምን ትለዋለህ? ሕጉ የከፈተለትን በር ነው የገባው። ጎልማሳውም ቢጠየቅ ይህንኑ ነው የሚለው።

ግን ወገኖቼ፣ በሩ መከፈቱ እንድንገባ አያስገድደንም። ደንብ ስህተት ሊሆን ይችላል፣ ትርፍም ያጓጓል፤ በዚያ የሱቅ ደረጃ ላይ ግን «አይነካም፣ ለእናታችን በገዛህበት ስጣቸው» የሚል አንድ ድምፅ ቢወጣ፣ ሰውየው ይሰጥ ነበር ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ዘይት የሚያገኘው ጥቂት ብር ከጎረቤቶቹ ዓይን አይበልጥበትም ነበር። እኛ ግን ዓይናችንን ሰጠነው፣ ሳቃችንንም ጨመርንለት። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያልን ልጅ የምናሳድግ ሰዎች፣ ያደገው ልጅ ሲበላን ለምን እንገረማለን?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅም ያንኑ አየሁ። በድሮ ዋጋ የገባ ዕቃ ማግስቱን ዋጋ ጨመረ፤ ሱቆች ታሸጉ፤ ጥሩ። የእኛን አልጋ ሥር ግን ማን ያሽግ? ጀሪካን በጀሪካን ላይ ደርድረን ስናበቃ «ነጋዴው ደበቀው» አልን። መግዛት የቻልን ሁሉ ደበቅን፤ ዕለቱን ሠርቶ ዕለቱን የሚበላው ባዶ መደርደሪያ ጠበቀው።

እናትየዋ ኋላ ከሰፈር ለቀቁ። ኪራይ ጨምሮባቸው ነው ይባላል። ወዴት እንደሄዱ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም፤ በወረፋው ለሳቀው ግን ጠዋት ጠዋት ሰላምታ እንሰጣለን።

አሁን የምለምናችሁ ብዙ አይደለም፤ ብዙ ለመለመን ጉልበቱም የለኝም። ያ ሱቅ የማን ነው? የሸማቾች ማኅበር በሕግ የአባላቱ ነው፤ በኅብረት ሥራ አዋጁ የበላዩ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ሲሆን፣ አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው፤ ብዙ ዕጣ (አክሲዮን) የገዛም ቢሆን። እኛ አባላት ነን። ስብሰባ ሲጠራ ግን አዳራሹ ባዶ ነው፤ ዘይት ሲመጣ ብቻ እንሞላለን። ተከራይ እንዴት ይስተናገድ? ጀሪካን መግዛት ለማይችል በሊትር ለምን አይቀዳም? እነዚህን አንስተን አናውቅም። ሁሉም ነገር በጉባኤው እጅ አይደለም፤ የኮታው ደንብ ከላይ ነው የሚመጣው። ቢሆንም ጥያቄው በቃለ ጉባኤ ተጽፎ፣ ተፈርሞበት ወደ ወረዳው ሲሄድና በየወረፋው በሐሜት ሲቀር አንድ አይደለም።

በዚህ ብቻ ይስተካከላል ብዬ አላስብም። ተስፋዬ ብዙ ጊዜ ደክሟል። ሆኖም የሚቀጥለው ጉባኤ ሲጠራ እሄዳለሁ፣ የእናትየዋንም ነገር በሰው ፊት አነሳለሁ። በዚያ ቀን ወረፋ ውስጥ የነበራችሁ፣ እናንተም ኑ።