ማኪ ሳል በመጨረሻ ዓመታቸው

ማኪ ሳል ሴኔጋልን 12 ዓመት መርተዋል። መንገድ አስገንብተዋል፣ ለዳካር ዘመናዊ ባቡር አምጥተዋል። እኔ ግን የምመዝናቸው በመጨረሻው ዓመታቸው ነው።

ሳል በ2012 (እ.ኤ.አ.) የተመረጡት፣ የያኔው ፕሬዚዳንት አብዱላይ ዋድ ለሦስተኛ ጊዜ ካልገዛሁ ብለው ሕዝቡ አደባባይ በወጣበት ወቅት ነው። የራሳቸው ተራ ሲደርስ ግን ዝም አሉ። እወዳደራለሁም አልወዳደርምም ሳይሉ ወራት ነጎዱ። ጁን 2023 ላይ ተቃዋሚው ኡስማን ሶንኮ ሲፈረድባቸው አገሪቱ ተናወጠች፣ ሰዎች ሞቱ። «አልወዳደርም» ያሉት ከዚያ በኋላ፣ ጁላይ 3 ነው። ይህን ቀደም ብለው ቢናገሩ ኖሮ ብዙ ቁጣ ይበርድ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በዚህም አላበቃም። ምርጫው ለፌብሩዋሪ 25 ቀን 2024 ተቀጥሮ ነበር። ቅስቀሳው ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩት አራዘሙት። ፓርላማውም ወደ ዲሴምበር 15 ገፋው፤ አንሰማም ያሉ የተቃዋሚ ተወካዮችን ጸጥታ አስከባሪዎች ከአዳራሹ አስወጧቸው። የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋረጠ። ሰውየው በገዛ እጃቸው ስማቸውን ሲያበላሹ ማየት ያሳዝናል።

አገሪቱን የታደጋት የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ ነው። ፌብሩዋሪ 15 ቀን ማራዘሙን ሻረው። ሳልም ውሳኔውን ተቀበሉ፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። በጎረቤት ማሊና ጊኒ ወታደር ቤተ መንግሥት በገባበት ዘመን፣ አንድ ፕሬዚዳንት ዳኞች «አይሆንም» ሲሉት እሺ ማለቱ ትልቅ ነገር ነው። ማርች 14 ከእስር የወጡት የተቃዋሚው ወገን እጩ ባሲሩ ጆማይ ፋይ፣ ከአሥር ቀን በኋላ ምርጫውን በመጀመሪያው ዙር አሸነፉ። የገዥው ወገን እጩ አማዱ ባ ደግሞ በማግስቱ ሽንፈታቸውን ተቀበሉ።

እኔን የሚቆጨኝ የሟቾቹ ጉዳይ ነው። ሳል ከመውረዳቸው በፊት የወጣው የምሕረት ሕግ እስረኞችን አስፈታ። ከ2021 ጀምሮ በተቃውሞዎች ለጠፋው ሕይወት ተጠያቂ ለሚፈልጉ ግን በር ዘጋ። ለሰላም ሲባል ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። ልጁን ያጣ ወላጅ ማን እንደተኮሰ ማወቅ አለበት። ያንን ጥያቄ ፍርድ ቤት መመለስ ሲገባው፣ ተሰናባቹ ፕሬዚዳንት በመጨረሻ ሳምንቶቻቸው በፊርማ ሊዘጉት አይገባም ነበር።